ከመጠጥ ባርነት የተፈታው የቀን ሠራተኛ፦ ክቡር ማት ታልቦት (1856–1925)

የቅዱሳንን ገድል ስናነብ ብዙውን ጊዜ የምንገናኘው ከጳጳሳት፣ ከመነኮሳት፣ ከደናግልና ከሰማዕታት ጋር ነው። የወጣትነት ዘመኑን በመጠጥ ቤት ያሳለፈ የቀን ሠራተኛ ስም በዚያ መዝገብ ተጽፎ ማግኘት ግን ብዙም አልለመድንም። በዚህ እትም የአየርላንዱን ተወላጅ የማት ታልቦትን ሕይወት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናቀርብ የወደድነውም ስለዚህ ነው። ማት ታልቦት መጽሐፍ አልጻፈም፤ ማኅበር አላቋቋመም፤ ከተወለደባትም ከተማ ወጥቶ በሌላ ስፍራ አልኖረም። ሆኖም መጠጥ ያሰረው ባል፣ ልጅ ወይም ወንድም በቤታችን ያለን ሁሉ ታሪኩን ስንሰማ ስለ ራሳችን ቤት የተነገረ ሊመስለን ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ማት፣ በሙሉ ስሙ ማቴዎስ፣ ሜይ 2 ቀን 1856 በደብሊን ከተማ ከቻርልስ ታልቦትና ከኤልሳቤጥ ባግናል ተወለደ። ከአሥራ ሁለት ልጆች ሁለተኛው ነበር። በተወለደ በሦስተኛው ቀን ተጠመቀ። አገሩ አየርላንድ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበረች። ከ1845 እስከ 1849 በድንች መበላሸት ምክንያት የደረሰው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጅቶ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለስደት ዳርጎ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበሩ። በደብሊን ያለው ድኃ በአረጁ ፎቅ ቤቶች ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከነቤተሰቡ ይታጎር ነበር። ሥራ ዛሬ ተገኝቶ ነገ የሚጠፋ ነበር፤ መጠጥ ቤት ግን በየማዕዘኑ አይጠፋም። የሚገርመው፣ ማት በተወለደበት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የካፑቺን ማኅበር አባል የነበሩት አባ ቴዎባልድ ማቲው አረፉ። እኒህ ካህን ከ1838 ጀምረው በመላው አየርላንድ እየዞሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ መጠጥ እርም እንዲል ያደረጉ ነበሩ። ከረኃቡ ወዲህ ግን ያ ታላቅ እንቅስቃሴ ተዳክሞ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመልሶ ነበር።

ትምህርት ቤት የቆየው እጅግ ጥቂት ነው። የክርስቲያን ወንድሞች ማኅበር በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ከክፍል መቅረት ያዘወትር ስለ ነበር በቅጡ ማንበብና መጻፍ ሳይችል በአሥራ ሁለት ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን አቋረጠ። በ1868 የወይንና የቢራ ነጋዴዎች በሆነ ድርጅት ውስጥ በተላላኪነት ተቀጠረ። በዚያ ቢራ በጠርሙስ ይሞላ ነበር። ልጆቹ በየጠርሙሱ ሥር የቀረውን እየጨለጡ መጠጥን ለመዱ። ብዙም ሳይቆይ ማት ሰክሮ ወደ ቤቱ ይገባ ጀመር። አባቱ ቻርልስ ራሱ ጠጪ ቢሆንም የልጁ ነገር አሳፈረው፤ ገርፎም እርሱ ወደሚሠራበት ወደ ወደቡ መጋዘን አዛወረው። በዚያ መጋዘን የተከማቸው ግን ዊስኪ ነበርና ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ከወደቡ ከወጣ በኋላ ከግንበኞች ጋር ሆኖ ጡብና ኖራ በትከሻው የሚያመላልስ ሠራተኛ ሆነ። ብርቱ ሠራተኛ እንደ ነበር ሁሉም ይመሰክሩለታል፤ ይህን አንዳንድ ጊዜ እንዘነጋለን። ጠጪ ሁሉ ሰነፍ ነው የሚል ግምት በብዙዎቻችን አለ፤ ማት ግን ቀኑን ሙሉ እንደ በሬ ይሠራ ነበር። ችግሩ ደመወዙ ነበር። ቅዳሜ የተቀበለውን ይዞ ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳል፤ ለእናቱ የሚተርፈው አንዲት ሽልንግ ነው፤ እርሷም አንዳንዴ አትገኝም። ገንዘቡ ሲያልቅ በዱቤ ይጠጣል፤ ዱቤ ሲከለከል ጫማውን ሽጦ ባዶ እግሩን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እጁ ላይ ሲኖረው ለባልንጀሮቹ ይጋብዝ ነበር፤ ለጋስ ነበር። በዚያ ዘመን ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ ኋላ ኅሊናውን የወጋው ግን አንድ ነው። እንደ እኛ አገር አዝማሪ በየመንገዱ ቫዮሊን እየመታ የዕለት እንጀራውን የሚለምን ድኃ ነበር። ማትና ባልንጀሮቹ የዚህን ሰው ቫዮሊን ሰርቀው ሸጡና ጠጡበት። የአንድ ድኃ እንጀራ በአንድ ምሽት በብርጭቆ ተቀድቶ አለቀ።

እነዚህ ዓመታት አሥራ ስድስት ያህል ነበሩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሑድ እሑድ ቅዳሴ መሄዱን ፈጽሞ አልተወም፤ ነገር ግን ከንስሐና ከቅዱስ ቁርባን ከራቀ ዓመታት አልፈው ነበር። በየቁምስናችን በኋለኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ ቁርባን ሲታደል ዓይናቸውን ወደ መሬት የሚያወርዱ ወንዶች እንዳሉ የምናውቅ መምህራን ይህን ልብ ልንለው ይገባል። ለእግዚአብሔር ቤት ጀርባቸውን አልሰጡም፤ የሚቀራቸው ጥቂት እርምጃ ነው፤ እርሷ ግን እንደ ተራራ ትከብዳቸዋለች።

በ1884 ማት የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ በመጠጥ ምክንያት ሥራ ሳይሠራ ሰነበተ፤ ስለዚህ ቅዳሜ ሲደርስ የሚቀበለው ደመወዝ አልነበረም። ቀትር ላይ ከታናናሽ ወንድሞቹ ጋር ሠራተኞች ደመወዛቸውን ተቀብለው በሚያልፉበት መንገድ፣ ዘወትር ከሚጠጡበት ቤት አጠገብ ቆመ። ከብዙዎቹ ጋር ጠጥቷል፤ ለብዙዎቹም ከፍሏል። ዛሬ አንዱ ግባ ይለኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። ባልንጀሮቹ እያለፉ ሰላምታ ሰጡት፤ አንድም የጋበዘው ግን አልነበረም። ማት ልቡ ተሰብሮ፣ ወንድሞቹን እዚያው ትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ብዙ ጊዜ ጸጋ እግዚአብሔር በስብከት፣ በመጽሐፍ ወይም በመከራ ይመጣል ብለን እናስተምራለን፤ እውነትም ነው። ለማት ታልቦት ግን የመጣው በአንድ ያልተቀዳ ብርጭቆ ነው። እነዚያ ባልንጀሮቹ መልካም ለማድረግ አስበው አልነበረም፤ ምናልባት ስስት ነው፤ ምናልባትም በዱቤውና በልመናው ሰልችቷቸዋል። እርሱ ግን በዚያች ሰዓት ለስንት ዓመት ጓደኝነት ሲል የጠራው ነገር ምን እንደ ነበር ገባው። ሰው በመጠጥ ዙሪያ የሠራው ወዳጅነት መጠጡ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ይህን ከውጭ ሆነን ብንነግረው አይሰማንም ነበር፤ ቆሞ በዓይኑ አየው።

እናቱ ኤልሳቤጥ ምሳ በማሰናዳት ላይ ነበረች። ልጇ ቅዳሜ ቀን በዚያ ሰዓት፣ ያውም ሳይሰክር ሲገባ አይታው ተገረመች። ከምሳ በኋላ መጠጥ እርም ለማለት ወደ ካህን እንደሚሄድ ነገራት። እርሷ እንደምንጠብቀው በደስታ እልል አላለችም። ቃሉን ለመጠበቅ ካላሰበ እንዳይገባ አስጠነቀቀችው፤ ሊወጣ ሲል ደግሞ እግዚአብሔር ኃይል እንዲሰጠው ጸለየችለት። እኛ በዚህች እናት መልስ ላይ ቆም ማለት እንወዳለን። ባሏ ጠጪ ነው፤ ከልጆቿም ብዙዎቹ ጠጪዎች ናቸው፤ በየጊዜው የተነገራትና የፈረሰው ተስፋ ስንት እንደ ነበር እርሷና አምላኳ ያውቃሉ። በልጇ መሳለቅ ወይም አላምንህም ማለት በቻለች ነበር። ያን አላደረገችም፤ ነገሩንም አላቀለለችለትም። የቃልን ክብደት አሳይታ በምርቃት ሸኘችው። በቤታቸው ተመሳሳይ መስቀል የተሸከሙ እናቶችና ሚስቶች ከዚህ የሚሻል መልስ ይገኛል ብለን አናስብም።

ማት በቅዱስ መስቀል ዘርዐ ክህነት ቤት ወደሚኖሩ አንድ ካህን ሄዶ ተናዘዘ። መጠጥ እርም ያለው ለዘለዓለም አልነበረም፤ ለሦስት ወር ብቻ ነበር። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ለስድስት ወር አደሰ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜ ልኩ እርም አለ። በአገራችንም በስእለትና በመሐላ መጠጥ የሚተው ብዙ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ የጸጸት ቀን ለዕድሜ ልክ ይምልና በሳምንቱ ሲሰናከል ራሱን እንደ ከሐዲ ቆጥሮ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል። ንስሐ ለገባ ሰው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ሰፍረን መስጠት እንዳለብን የዚያ ካህን ጥበብ ያስተምረናል።

ሦስቱ ወር ቀላል አልነበሩም። ማት ለእናቱ፣ ይህ ጊዜ ይለቅ እንጂ ተመልሶ እንደሚጠጣ ይነግራት ነበር። ሰውነቱ ይጠይቀዋል፤ ባልንጀሮቹ ይስቁበታል፤ ማታ ማታ የሚሄድበት ቦታ ጠፋው። መጠጥ የሚተው ሰው የሚቸገረው በጥማቱ ብቻ አይደለም፤ በባዶው ሰዓትም ነው። ማት ያን ባዶ ሰዓት በእግሩ ሞላው፤ ከሥራ በኋላ ጓደኞቹ ወደማያገኙት ራቅ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ይሄድና እስኪዘጋ ድረስ በቅዱስ ቁርባን ፊት ይቀመጥ ነበር። ጠዋት ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአምስት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ኢየሱሳውያን በሚያገለግሉበት በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቬርዮስ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድስ ነበር። አንድ ቀን ግን ፈተናው ሊያሸንፈው ደረሰ። ገንዘብ በኪሱ ይዞ ወደ አንድ መጠጥ ቤት ገባ፤ አሳላፊው በሌሎች ደንበኞች ተይዞ ልብ ሳይለው ቀረ። ማት ጥቂት ጠብቆ ወጣ፤ ቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደና በዚያ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ በኪሱ ይዞ መንገድ መሄድን ተወ። በራሱ ብርታት አልተማመነም፤ ድካሙን አውቆ በሩን ዘጋ። ትምባሆንም እንዲሁ ተወው፤ ኋላ ሲናገር ከመጠጡ ይልቅ እርሱ እንደከበደው ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ዕዳውን መክፈል ጀመረ። በዱቤ የጠጣባቸውን ቤቶች እያስታወሰ ለየአንዳንዱ ገንዘቡን አደረሰ። ቫዮሊኑን የሰረቁትን ሰው ደግሞ በየመንገዱና በየድኃ መጠለያው ለረጅም ጊዜ ፈለገው። አላገኘውም። በመጨረሻ የቫዮሊኑን ዋጋ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ ለሰውየው ቅዳሴ አስደረገለት። ይህን ታሪክ ከማት ታልቦት ጾምና ጸሎት ሁሉ አስቀድመን ለልጆቻችን ብናስተምር እንወዳለን። ኑዛዜ ኃጢአትን ይደመስሳል፤ የተወሰደው ቫዮሊን ግን እስኪመለስ ድረስ የተወሰደ ነው። ማት ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኅሊናው ያወቀ ይመስለናል፤ በዚያን ጊዜ ገና ማንበብ እየተማረ ነበርና።

ያልተሳካለትም ነገር ነበር፤ የሕይወት ታሪኩን የሚያሳምሩ ሰዎች አንዳንዴ ያልፉታል። ወንድሞቹን ከመጠጥ ለማውጣት ደክሟል፤ አልሰሙትም። ለብዙ እንግዳ ሰዎች ምሳሌ የሆነው ማት በገዛ እናቱ ቤት ያሉትን መመለስ አልቻለም፤ በዚህም ምክንያት ለጊዜው ከቤት ወጥቶ ለብቻው ክፍል ተከራይቶ ኖሯል። ከወላጆቻችን ወይም ከወንድሞቻችን አንዱ ምክራችንን አልሰማ ሲል እምነታችን ጎድሎ ነው የሚል ሐሳብ ይመጣብናል። እንዲህ ያለ ሰው እንኳ ያልቻለው ነገር እንዳለ ማወቅ ያጽናናናል።

ስለ መንፈሳዊ ሕይወቱ ብዙ መጻፍ ይቻላል። መንፈሳዊ መሪው በዚያው ዘርዐ ክህነት ቤት ፍልስፍና የሚያስተምሩት ካህን ዶክተር ማይክል ሂኪ ነበሩ። በ1890 ወደ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሦስተኛ ማኅበር ገባ። ሌሊት በሁለት ሰዓት ገደማ፣ በእኛ በስምንት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ተነሥቶ ይጸልይ ነበር፤ እናቱ ነቅታ በጨለማ ተንበርክኮ ታገኘው ነበር። የሚተኛው በጣውላ ላይ ነው፤ ትራሱም የእንጨት ጉማጅ ነበር። ሲንበረከክ ጉልበቱ ራቁቱን መሬት እንዲነካ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ቀድዶ ማንም እንዳያይ በካፖርቱ ይሸፍነው ነበር። ምግቡ ደረቅ ዳቦና ወተት የሌለው ካካዎ ነበር። የጾምን ሥርዓት ከልጅነቱ የሚያውቅ የአገራችን ምእመን በዚህ ከአውሮፓ አንባቢ ያነሰ እንደሚገረም እንገምታለን። ነገር ግን እንግዳ ሆኖ ሲጋበዝ የቀረበለትን ያለ ማመካኘት ይበላ እንደ ነበር እንጨምራለን፤ ጾሙን ሰው እንዲያውቅለት አልፈለገምና። ንባብን በተመለከተ፣ እየተንተፋተፈ መጽሐፍ ቅዱስን፣ የቅዱስ አውጎስጢኖስን ኑዛዜና የሌሎችንም ቅዱሳን መጻሕፍት አነበበ። ያልገባውን ይጸልይበታል፤ ከዚያም ካህን ይጠይቃል። ከሞተ በኋላ በመጻሕፍቱ መካከል ብዙ ብጣሽ ወረቀቶች ተገኙ፤ በተሳሳተ የቃላት አጻጻፍ የተመዘገቡ የንባብ ማስታወሻዎች ነበሩ።

በሥራ ቦታው እንግዳ ፍጥረት አልነበረም። በደብሊን ወደብ አጠገብ በሚገኝ ትልቅ የእንጨት መጋዘን ለረጅም ዓመታት የቀን ሠራተኛ ሆኖ ጣውላ ሲጭንና ሲያወርድ ኖረ። የሥራ ባልደረቦቹ ሳቂታና ተጫዋች እንደ ነበር ተናግረዋል። አንዱ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ ሲጠራ ማት ምንም ሳይናገር ባርኔጣውን ያነሣ ነበር፤ ውለው አድረው በእርሱ ፊት መሳደቡን ተዉ። አንዲት በሰው ቤት የምትሠራ ትጉህ ሴት ልታገባው ጠይቃው እንደ ነበርም ይታወቃል፤ የዘጠኝ ቀን ጸሎት አድርጎ ብቻውን መኖርን መረጠ። ደመወዛቸው አነስተኛ ሆኖ ልጆች የሚያሳድጉ ባልደረቦቹ ነገር ያሳዝነው ነበር። በኦገስት 1913 በደብሊን አሠሪዎች የሠራተኞችን ማኅበር ለማፍረስ ሲሉ ሃያ ሺህ ያህል ሠራተኞችን ከሥራ ውጭ ባደረጉ ጊዜ እርሱም የዚያ ማኅበር አባል ነበር። ማኅበሩ ለአባላቱ የሚያድለውን ገንዘብ፣ እኔ በሰልፍ ስላልቆምኩ አይገባኝም በሚል ሐሳብ አልቀበልም አለ፤ በኋላም ሲሰጡት ቤተሰብ ላላቸው እንዲከፋፈል አደረገ። ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ግን ወደ ሥራ አልተመለሰም። መንፈሳዊ ሰው ስለ ሠራተኛ መብት አይገደውም ለሚሉ ይህን እናስታውሳቸዋለን።

ደመወዙን ለራሱ ያወጣው እጅግ ጥቂት ነበር። የቀረው ለጎረቤት ድኆች፣ ለተቸገሩ ባልደረቦቹና ለስብከተ ወንጌል ይሄድ ነበር። አባቱ በ1899 ከሞተ በኋላ አብራው የኖረችው እናቱ በ1915 አረፈች። ማት ብቻውን ቀረ። በ1923 በልብና በኩላሊት ሕመም ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገባ፤ ለወራትም ሥራ መሥራት አልቻለም። በዚያ ድኅነቱ ውስጥ ሳለ በ1924 መጨረሻ ወደ ቻይና ሚስዮናውያን ለሚልክ ማኅበር ስጦታ ላከ። አብሮት ያለው አጭር ማስታወሻ፣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሥራ እንዳልሠራ፣ ዳግመኛም የሚሠራ እንደማይመስለው ገልጾ አንድ ፓውንድ ከእርሱ፣ አሥር ሽልንግ ደግሞ ከእኅቱ መሆኑን ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ በ1925 ጥቂት ተሽሎት ወደ መጋዘኑ ተመልሶ ነበር።

ጁን 7 ቀን 1925 የቅድስት ሥላሴ እሑድ ነበር። ማት ጠዋት አስቀድሶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ዶሚኒካውያን በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ለማስቀደስ ሲሄድ በግራንቢ ሌን በምትባል ጠባብ መንገድ ላይ ወደቀ። በአጠገቡ የነበሩ ሰዎች ደረሱለት፤ ካህንም መጣ፤ ወዲያው ግን አረፈ። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ አስከሬኑ እንደ ማንም መንገደኛ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያ ልብሱን ሲያወልቁ በሰውነቱ ላይ ሰንሰለትና ገመድ፣ በእነርሱም ላይ መስቀልና የሜዳልያ ምስሎች ተገኙ። ሰንሰለቱ ቅዱስ ሉዊ ማሪ ዘሞንፎር ባስተማረው ሥርዓት ራስን ለእመቤታችን የማስገዛት ምልክት ነበር። በቅዱስ ሥጋሁ ወደሙ በዓል፣ ጁን 11 ቀን፣ በግላስኔቪን መካነ መቃብር ተቀበረ።

ዜናው ከሁሉ በፊት የተሰማው በሰንሰለቱ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሰውም እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው እርሱን ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ግን በአንድ በኩል ያሳስታል። ማት ያን ሁሉ ተጋድሎ ያደረገው በመንፈሳዊ መሪው ሥር ሆኖ ነው፤ ለሁሉም የሚሆን ሥርዓት አይደለም። ከመጠጥ ሊላቀቅ ለመጣ ሰው ሰንሰለት አንሰጠውም፤ የምንሰጠው ጊዜያችንንና ጆሯችንን ነው። ዛሬ የምናውቀው ሌላም ነገር አለ። ሱስ የፈቃድ ድክመት ብቻ ሳይሆን ሕመምም ነው፤ ለብዙ ዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ምእመን ሲመጣ ከኑዛዜው ጋር ወደ ሐኪም መሸኘት ግዴታችን ነው። በአሜሪካ በ1935 የተጀመረው፣ ስማቸውን ሳይገልጹ እርስ በርስ የሚረዳዱ የመጠጥ ሱሰኞች ማኅበር፣ በ1946 ደብሊን ሲደርስ ማት ካረፈ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። የዚያ ማኅበር አባላት በደረጃ የሚፈጽሟቸውን፣ ድካምን ማመንን፣ የበደሉትን ሰው ፈልጎ መካስን፣ በእግዚአብሔር መታመንን፣ እርሱ ቀደም ብሎ ብቻውን ሄዶባቸዋል።

ስሙ የተነገረው ከሞተ በኋላ ነው። ሰር ጆሴፍ ግሊን አጭር የሕይወት ታሪኩን በ1926 አሳተመ። የደብሊን ሊቀ ጳጳሳት በ1931 ምርመራ አስከፈቱ፤ እኅቶቹና የሥራ ባልደረቦቹም ምስክርነታቸውን ሰጡ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ኦክቶበር 3 ቀን 1975 ክቡር ብለው ሰየሙት። በአሜሪካ ከ1943 ጀምሮ በስሙ ለመጠጥ ሱሰኞች የሱባኤ መርሐ ግብር ተቋቋመ፤ በአውስትራልያ በሲድኒ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ቤት ለሌላቸው ወንዶች ያቋቋመው መጠለያ በስሙ ይጠራል። በደብሊን በሊፊ ወንዝ ላይ የተሠራና በ1978 የተከፈተ ድልድይም በስሙ ተሰይሟል፤ በወደቡ አካባቢ ሸክም ሲያመላልስ ከኖረበት ሥፍራ ሩቅ አይደለም።

አፅሙ በ1972 ከግላስኔቪን ፈልሶ በሾን ማክደርሞት ጎዳና ወዳለው የሉርድ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ገባ። ያ ሠፈር ከጥንትም የድኆች ሠፈር ነው፤ ባለፉት አሥርት ዓመታትም የሄሮይን ሱስ ብዙ ወጣቶችን የቀጠፈበት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በኦገስት 2018 አየርላንድን ሲጎበኙ መንገዳቸውን በዚያ አድርገው በቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ለአጭር ጊዜ ቆመው ጸለዩ። ማት ካረፈ መቶ ዓመት የሞላው በ2025 ነው። በወደቀባት በግራንቢ ሌን የሚያልፍ ሰው በግድግዳው ላይ ትንሽ የመታሰቢያ ጽሑፍ ያገኛል።